ሁለተኛው ሳሙና

እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ አያቴ ሌባ እንደነበሩ አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻም አይደለም፣ እኮራባቸው ነበር። በዓሣ ወደቧ ከተማችን ግሪምስቢ ውስጥ አብረውኝ የተማሩ ልጆች አያቶቻቸው ወይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፣ ወይ ዓሣ ጫኝ፣ ወይ የዓሣ ሆድ ዕቃ አውጪ። ሌባ አያት የነበራት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ወሬውን በቸኮሌት እሸጠው ነበር፤ ለጎበዝ አድማጭ ደግሞ በዱቤ።

አያቴ ዊልፍ ስታማርስ ይባላሉ፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ የትምህርት ቤታችን ተማሪ አሻጋሪ ሆኑ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቢጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫፉ ላይ «ቁም» የሚል ክብ ሰሌዳ ያለበትን ረጅም ዘንግ ይዘው አስፋልቱ መሀል ሲቆሙ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። አንዴ የከንቲባው መኪና ሳይቀር ቆሞላቸዋል። እኔ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ በነበሩት ዘጠኝ ዓመታት አንድ ልጅ እንኳ አልተጫረባቸውም። ቤት ሲገቡ ዘንጉን ኮሪደር ላይ ያቆሙትና በጨርቅ ይወለውሉታል። ሚስታቸው እማማ ሞሪን ታዲያ፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ወልውለኸኝ ታውቃለህ?» ይሏቸዋል። እናቴ የዓሣ ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ ስለነበረች የምውለው እነሱ ዘንድ ነበር።

ነገሩ የሆነው ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባባና እኔ ባለ ጎማዋን የገበያ ቦርሳ እየጎተትን፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጠቢያ ክኒን ልንገዛ ፔቲፈር ገባን። ፔቲፈር ከጥርስ ብሩሽ እስከ ግድግዳ ቀለም የማይሸጠው ነገር ያልነበረ መደብር ነው። አባባ በክኒን ምርጫ ላይ ናቸው፤ ሁልጊዜ አንዱን ዓይነት እየገዙ ሁልጊዜ ሁሉንም ያነባሉ። እኔ ሳሙናዎቹ ጋ ሄድኩ። እዚያ፣ በዛጎል ቅርጽ የተሠራው ሮዝ ሳሙና ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «አንድ ሲገዙ ሁለተኛው በነጻ»።

እማማ ከዚያው መደርደሪያ ላይ ያንኑ ሳሙና ባለፈው ሳምንት ገዝተው ነበር። አንድ። ሒሳብ ላይ ሰነፍ አልነበርኩም። አንዱን ገዝተናል፣ ስለዚህ ሁለተኛው የኛ ነው፤ ሱቁ እስካሁን ሳይሰጠን የቆየው ረስቶ ይሆናል። አባባን ማስፈቀድ ለምን ያስፈልገኛል? የራሱን ዕቃ ለመውሰድ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ሳሙናውን አንስቼ ባለ ጎማዋ ቦርሳችን ወለል ላይ በደንብ አስቀመጥኩት። እንዳይሰበር ብዬ የአባባን የአንገት ልብስ አለበስኩት።

አባባ የክኒኑን ከፍለው በሩ ላይ ስንደርስ ግሌን የሚባለው ጠባቂ መንገዳችንን ዘጋ። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ኮፍያው እስከ ጆሮው የሚወርድ ልጅ ነው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቦርሳዎን ባየው?»

«ይቅርታ» አሉ አባባ፣ እንዲህ መንገድ ላይ ቆመው ስላስቸገሩት።

እኛ ዘንድ ይቅርታ ማለት ጉሮሮ እንደ መጥረግ ነው። እግርህን ለረገጠህ ሰው ቀድመህ ይቅርታ ትላለህ፤ በር ብትገጭ በሩንም ይቅርታ ትለዋለህ። አባባ ደግሞ ከኛም የባሱ ነበሩ። ጥርስ ሲነቅሏቸው ሐኪሙን ይቅርታ የጠየቁ ሰው ናቸው።

ወደ ውስጥ ወሰዷቸው። እኔን ከቢሮው በር ውጭ ወንበር ላይ አስቀምጠው አንዲት ሴትዮ ብስኩት ሰጠችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጆሮዬን ጣል አድርጌ አዳመጥኩ።

«ይሄ የእርስዎ ነው?» የሚል የወፍራም ሰው ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ አባባ፣ «ቦርሳዬ ውስጥ ከተገኘ የኔ ነዋ» አሉ።

«ከፍለውበታል?»

«ይቅርታ።»

«ውጭ ያለችው ልጅስ...»

«ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም። ልጅቷን ተዉአት። ይቅርታ።»

እስኪወጡ ድረስ አሥራ አንድ ይቅርታ ቆጠርኩ። በኋላ እንዳወቅሁት፣ የፔቲፈር መዝገብ «ተጠርጣሪው ደጋግሞ ጥፋቱን አምኗል» ይላል። ወረቀት ሲያቀርቡላቸውም ፈረሙ። ሰው ወረቀት አዘጋጅቶ፣ እስክሪብቶ ከፍቶ ሰጥቷቸው አለመፈረም ለአባባ ብልግና ነው።

መንገድ ላይ፣ «አባባ፣ ምን ወስደው ነው የያዙዎት?» አልኳቸው።

ዝቅ ብለው አዩኝ። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ሄደ። «ትንሽ አለመግባባት ነው፣ ኪርስቲ። ለሰው አይወራም።»

ቤት ስንደርስ ቦርሳውን ፈተሽኩ። ክኒኑ አለ። ሳሙናችን የለም! ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አባባ አንድ ትልቅ ነገር ሰርቀዋል፤ እነዚያ ጨካኞች ደግሞ ለብቀላ ያልተሰረቀውን ሳሙናችንን ወርሰውብናል። ሌባ የሆነ ሰው ንብረቱ አይከበርለትም ማለት ነው አልኩ። በጣም ተናደድኩ።

በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። የላከው ትዊድል እና ግሪምሾ የሚባል፣ ለሱቆች ኪሳራ የሚያስመልስ ድርጅት ነው። አናቱ ላይ ጋሻና አንበሳ ታትሞበታል፤ አንበሳው ራሱ የተቆጣ ይመስላል። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ወጥ ቤት ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «‹...በፈጸሙት ድርጊት ደንበኛችን ላይ ላደረሱት ጉዳት። የጥበቃ ሰዓት፣ አርባ ስምንት ፓውንድ። አስተዳደር፣ አምሳ ሁለት። የካሜራ ድርሻ፣ ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ። ድምር አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ፣ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ።› ዊልፍ! የካሜራ ድርሻ ምንድን ነው? ፊልም ሠርተህ ነው?»

«ሞሪን፣ ቀስ በይ።»

«አንተ? መንገድ ላይ የወደቀ ሳንቲም ስታገኝ ፖሊስ ጣቢያ የምትወስድ ሰውዬ?»

አባባ ተጠግተው ጆሯቸው ላይ አንሾካሾኩላቸው። እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። ዞረው እኔን አዩኝ፤ መጡና ያልተፈታውን የሹራቤን ቁልፍ እንደገና ቆለፉልኝ። ሌባ አያት ስላለኝ አዝነውልኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔም አይዞዎት ብዬ እጃቸውን መታ መታ አደረግሁላቸው።

እኔን ያስጨነቀኝ ቁጥሩ ነበር። አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ፓውንድ ከሃምሳ የሚያወጣ ምን ዓይነት ዕቃ ነው ቦርሳ ውስጥ የሚገባው? ከብዙ ሐሳብ በኋላ ደረስኩበት። የፔቲፈር መስኮት ላይ የወርቅ ቀለም ያለው የጠረጴዛ ሰዓት ነበር፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የለም። አንዱ ሀብታም ገዝቶት ሊሆን እንደሚችል አልታየኝም። ሰዓቱ እኛ ቤት ተደብቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሶፋው ሥር፣ ከዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከሽንት ቤቱ ውኃ ማጠራቀሚያ ክዳን ሥር ሰዓት ስፈልግ እውል ነበር።

ጉዱ የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ፔቲፈር ለማዘጋጃ ቤቱም ጽፎ ኖሮ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው መጣና ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ዘንጉን ተረከበ። ርዝመቱን በሜትር ለክቶ፣ ጭረት እንዳለበት አይቶ፣ ደረሰኝ ሰጠ። አባባ በጨርቅ እያሻሹ አስረከቡት። ሰውየው ሌላ አሻጋሪ አለማግኘታቸውን ነገረንና፣ ለሕፃናቱ ደኅንነት ሲባል ለጊዜው አሻጋሪ እንደማይኖር አስረዳን። አባባ ይቅርታ አሉት።

ጠዋት ጠዋት ግን ሰዓታቸው ሲደርስ ይነሳሉ። ቢጫ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፤ ከዚያ ትዝ ይላቸውና ያወልቁታል። መስኮቱ ጋ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ሻያቸው እጃቸው ላይ ይቀዘቅዛል። እኔ ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

እማማ «ለቀብራችን ካስቀመጥነው ከፍለን እንገላገል» ቢሉም፣ መጀመሪያ ነጻ የምክር ቢሮ እንሂድ ተባለ። ቢሮው ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ወይዘሮ ኦልድሮይድ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ተቀበሉን። እኔን ጥግ ላይ አንድ እግር የጎደላቸው አሻንጉሊቶች የሞሉበት ካርቶን ጋ አስቀመጡኝ።

«ዕቃው የት ነው?» አሉ ወይዘሮ ኦልድሮይድ።

«መልሰው ወስደውታል፤ እዚያው በዚያው» አሉ አባባ።

ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሲዋሹ በጣም ገረሙኝ። ሰዓቱ እኛ ቤት እያለ!

«ታዲያ ምን ጎደለባቸው? ጠባቂው እርስዎ ቢገቡም ባይገቡም ደመወዙን ይበላል። ካሜራውም እንደሁ ይዞራል። አቶ ስታማርስ፣ ይሄ ዕዳ አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው። ፍርድ ቤት አይሄዱም። ደብዳቤ ነው የሚጽፉት፤ ደብዳቤ በቴምብር ያልቃል። ዕዳ የለብኝም፣ ከዚህ በኋላ አትጻፉልኝ ብለው ሁለት መስመር ይላኩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ምድጃ ውስጥ ይክተቱት።»

«ሳልመልስ?» አባባ ደነገጡ። «ሰውየው ቁጭ ብሎ ጽፎልኝ?»

ወይዘሮ ኦልድሮይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ዘንጉ፣ ከአሥር ዓመት በታች ሆኖ በሕግ ስለማይጠየቅ ሰው፣ ወረቀት ላይ ስለምትጻፍ አንዲት መስመርም አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ለአሻንጉሊቷ እግር እየፈለግሁ ስለነበር በደንብ አልሰማሁም። ድንገት ጠረጴዛ ተመታ።

«የልጅቷ ስም ምንም ወረቀት ላይ አይሰፍርም! ዘንጉን ከፈለጉ ይቅበሩት!» አሉ አባባ። ከዚያ ጠረጴዛውን ስለመቱ ይቅርታ ጠየቁ።

ያን ሰሞን እማማ ከጎረቤት ጋር ስለ ኑዛዜ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ገባኝ። አባባ ከውርስ እየሰረዙኝ ነው፤ ሰዓቱ ለአጎቴ ልጅ ሊሆን ነው። ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። ያቀረቡልኝን የአርብ ዓሣና ድንች ጥብስ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው የበላሁት።

ደብዳቤውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጻፉ። ሁለቱን መስመር ገለበጡና ወረቀቱን አርቀው አዩት።

«ስድብ ይመስላል» አሉ።

«ስድብ ይምሰላ!» አሉ እማማ።

«እንዲህ ብሎ ነገር የለም፣ ሞሪን።» እስክሪብቷቸውን አንስተው ጨመሩበት፦ «ውድ አቶ ትዊድል፣ ይህን ያህል ስላስቸገርኩዎ ከልብ ይቅርታ። ዝናቡ እናንተ ጋ እንደኛ እንዳልበረታ ተስፋ አደርጋለሁ።»

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። «በጽሑፍ ያቀረቡትን ይቅርታ እንደ እምነት ቃል መዝግበነዋል» ይላል። ሒሳቡ አንድ መቶ ስልሳ ሁለት ከሃምሳ ሆኗል። ስለ ዝናቡ የተባለ ነገር የለም። አባባን ያስከፋቸው ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነበር፤ ደጋግመው ገለባብጠው ፈለጉት። ትዊድል የሚባል ሰው ጨርሶ እንዳልነበረ፣ ፊርማውም ከማሽን እንደሚወጣ ዛሬ አውቃለሁ። አባባ ግን አልተውትም፤ ምናልባት ቤቱ ችግር ገጥሞት ይሆናል ብለው እንደገና ጻፉለት።

እኔ ሰዓቱን ያገኘሁት በኅዳር መጨረሻ ነው። በእማማ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ጫማቸው ጀርባ፣ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ፤ የወርቅ ቀለም ያለው የጠረጴዛ ሰዓት። ኩርፊያዬን ረሳሁ። ይሄ ከተመለሰ ደብዳቤው ይቆማል፣ ዘንጉም ይመለሳል፣ አባባም መስኮት ላይ መቆማቸውን ይተዋሉ። በደብተር ቦርሳዬ ከትቼ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።

ትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን መንገድ ያን ቀን ብቻዬን ተሻገርኩ። የማየው ቦርሳዬን እንጂ መንገዱን አልነበረም። አንድ የዳቦ መኪና ጎማው እየጮኸ ጉልበቴ ሥር ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ «ይቅርታ» አለኝ። እኔም «ይቅርታ» አልኩትና ሄድኩ።

ፔቲፈር በር ላይ ግሌን ቆሟል። ሰዓቱን አወጣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አያቴ የሰረቁት ነው። መልሻለሁ። አሁን ስማቸውን ሰርዙና ዘንጋቸውን ስጧቸው።»

ግሌን ሰዓቱን ገለበጠው። ታች በኩል ጽሑፍ ነበረው፤ አነበበልኝ። «ለዊልፍሬድ ስታማርስ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ታማኝ አገልግሎት።» ጡረታ ሲወጡ የዓሣ መጋዘኑ የሸለማቸው ነው። እማማ አስቀያሚ ነው ብለው ደብቀውት ኖሯል።

«የኔ እመቤት፣ ያኔ ቦርሳው ውስጥ ያገኘነው ይሄን አይደለም እኮ» አለኝ ግሌን።

«እሱን አውቃለሁ!» ጮህኩበት። ትዕግሥቴ አልቋል። «ያኔ ቦርሳው ውስጥ የነበረው ክኒኑና የኔ ሳሙና ብቻ ነው። እሱንም እናንተ ናችሁ ያስቀራችሁብን!»

«ያንቺ ሳሙና?»

«ሁለተኛዋ! እማማ አንዷን ገዝተዋል። ሁለተኛዋ በነጻ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ አይደላችሁ? ራሴ ነኝ የከተትኳት። እንዳትሰበር በአንገት ልብስ ጠቅልዬ!»

ግሌን ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩ በላብ ተጣብቆ ነበር። ሰዓቱን በብብቱ፣ እኔን በእጁ ይዞ ቤት አደረሰኝ። መንገዱን ስንሻገር ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ጊዜ አየ። እሱንም በልጅነቱ ያሻገሩት አባባ ናቸው።

ወጥ ቤት እንደገባን እኔን ወደ ጓሮ አስወጡኝ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ግሌን ቆሞ ይናገራል፣ አባባ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እማማ ጠረጴዛው ላይ ጣታቸውን ይተክላሉ። ግሌን እመኑ እያላቸው፣ አባባ አላምንም እያሉ መሰለኝ። ጎበዝ አባባ አልኩ በልቤ፣ እንዳያምኑ!

ከሳምንት በኋላ ባለ ክራቫቱ ሰውዬ ዘንጉን መለሰ። ርዝመቱን እንደገና ለካ፣ ደረሰኙን ተቀበለ። ሰኞ ጠዋት አባባ መንገዱ መሀል ቆሙ፤ መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። አንድ የዳቦ መኪና ከሁሉም ራቅ ብላ ነበር የቆመችው። እኔ ለጓደኞቼ፣ «አላመኑም! ምንም ማስረጃ አላገኙባቸውም!» እያልኩ አወራሁ። የቸኮሌት ዋጋዬም ወደ ሁለት አደገ።

የቀረውን የሰማሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ለክረምት ሥራ ፔቲፈር ስቀጠር ነው። ግሌን የመኪና ማቆሚያው ኃላፊ ሆኗል። የሻይ ሰዓት ላይ ስለ ሌባው አያቴ እንደለመድኩት በኩራት ስተርክለት እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ኪርስቲ፣ እስካሁን አልነገሩሽም?» አለኝ።

ሰዓቱን የመለስኩ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ግሌን፣ «ልጅቷ ናት የከተተችው ብዬ ለሱቁ ልጻፍ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ማንም ምንም አይላትም» ብሏቸው ነበር። አባባ እምቢ አሉ። ዛሬ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሠላሳ ዓመት ሲሆናትም እዚያው ይቀመጣል አሉት። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» ሲል እማማ፣ «ተሳስቼ ነው በል» አሉት። ግሌን ጻፈ፦ «ሳሙናው የተከፈለበት ነበር። ስህተቱ የኔ ነው። ይቅርታ።» ፔቲፈርም ይቅርታውን እንደ እምነት ቃል መዝግቦ፣ ከበር ላይ አንስቶ ዝናብ ላይ የደንበኞች ጋሪ ሰብሳቢ አደረገው።

«ትዊድልስ?» አልኩት።

«እሱ ማሽን አይደል? ማን ይነግረዋል?»

እውነቱን ነው። ደብዳቤው ሁለት ዓመት ሙሉ መጥቷል፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ከሃምሳ ደርሶ ነው የቆመው። አባባ ለእያንዳንዱ መልሰዋል። ለገና ደግሞ ካርድ ልከዋል።

ሥራ ስጨርስ በቀጥታ እነሱ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ዘጠነኛ ዓመት ልደቴ ትዝ አለኝ። ከስጦታዎቹ መካከል አንዷ ትንሽ ጥቅል ነበረች፤ ስከፍታት ሮዝ ሳሙና፣ የዛጎል ቅርጽ ያላት። እኔ ምን አልኩ? «አያችሁ! እንደሚመልሱልን አውቅ ነበር! ግን ምን ያህል አዘገዩን!» አልኩ። እማማ ወደ ማጠቢያው ፊታቸውን አዞሩ። አባባ ግን በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አዎ፣ ስለዘገየ ይቅርታ» አሉኝ።

ስገባ አባባ ወንበራቸው ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ዘንጉን ለወጣት ካስረከቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ፊታቸው ቆምኩ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ያልኩት ቃል አልወጣ አለኝ።

«ይቅርታ አባባ» አልኩ በመጨረሻ።

«የምን?»

«የሳሙናው።»

ጋዜጣውን አጠፉት። ለአንድ አፍታ እንደ ትልቅ ሰው አዩኝ፤ ከዚያ እንደገና እንደ ስምንት ዓመት ልጅ።

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል?» አሉ። «አንዱን ገዝተን ነበር እኮ።»